ለሰባት ቤት የታደለ አውራ ዶሮ

የዚያን ዓመት የበረዶ ወራት በከተማችን በጊዩምሪ አውራ ዶሮ ሲጮህ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠራጠረው ጆሮውን ነበር። ዳቦ በኩፖን፣ መብራት በቀን አንድ ሰዓት፤ ለሰው ያልተገኘ እህል ለዶሮ ከየት ይመጣል? ስለዚህ እናቴ ሃይካኑሽ አንድ ጠዋት የአባቴን የበግ ቆዳ ካፖርት ይዛ ወጥታ፣ በምትኩ ቀይ አውራ ዶሮ በጆንያ ይዛ ስትመለስ፣ እኔ ልንበላው መስሎኝ አጨበጨብኩ። ሰባት ዓመቴ ነበር።

«ዝም በይ!» አለችኝ። «የኛ አይደለም። የቅዱስ ሳርኪስ ነው።»

የምንኖረው ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ለጊዜው ተብሎ በተሰጠን የብረት ቤት ውስጥ ነበር። ለጊዜው የተባለው አምስት ዓመት አልፎታል። አባቴ የካልሲ ፋብሪካው ሲደረመስ እዚያው ቀርቷል። በረድፋችን ስምንት የብረት ቤቶች ነበሩ፤ የመጨረሻው የኛ ነው። ከበስተኋላችን ባዶ ሜዳና በረዶ ብቻ።

ወንድሜ ጌጋም ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ገና ሊገባ ሲል ከጦር ግንባር የዐሥር ቀን ፈቃድ ተሰጥቶት መጣ። ከኔ ጋር ካርታ ተጫወተ፤ የምድጃውን ጭስ ማውጫ ጠገነ፤ እያጭበረበረ ያሸነፈኝን መልሶ ሰጠኝ። ዐሥሩ ቀን ሲያልቅ ግን እናቴ አልጋውን ከመስኮቱ አርቃ ወደ ውስጠኛው ጥግ ጎተተችው፤ ፊት ለፊቱም ወፍራም ብርድ ልብስ መጋረጃ አድርጋ ሰቀለች። ከዚያ ተንበርክካ ሁለቱን ክንዶቼን ያዘችኝ።

«ወንድምሽ ደረቱን ታሟል። የሚጋባ በሽታ ነው። ልጆቹ ከሰሙ ካንቺ ጋር አይጫወቱም። የጠየቀሽ ካለ ተመልሶ ሄዷል በይ፤ ገባሽ?»

«ገባኝ።»

አመንኳት። ጌጋም አይስልም፣ ትኩሳትም የለው፤ ጫማውን እንዳሰረ ጣሪያውን እያየ ይተኛል እንጂ። ይህ ግን አላጠራጠረኝም። ድምፅ የሌለው በሽታ የባሰ ነው ብዬ ነው የፈራሁት።

በዚያው ሰሞን አረንጓዴ ጂፕ በረድፋችን መመላለስ ጀምሮ ነበር። እኛ ልጆች ስናየው ቆመን እንቆጥራለን። ዐሥር ሳንደርስ ካለፈ ምንም፤ ከቆመ ግን ያ ቤት ዕድለኛ ነው። ሁለት ሰዎች ወርደው ይገባሉ፤ ትንሽ ቆይተው የቤቱን ወጣት መሐል አድርገው ይወጣሉ። ያን ጊዜ በከተማው ሥራ ያለው ሰው ስላልነበረ፣ ሰዎቹ ሥራ የሚያስገቡ ይመስሉኝ ነበር። እናቶቹ ለምን እየጮሁ ከመኪናው ኋላ እንደሚሮጡ ግን አይገባኝም። አሁን ልጄ ስልኩን ለአምስት ደቂቃ ካላነሳ ሬሳውን በዓይኔ የማይ ሴት ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ለጂፑ እጄን አውለበልብ ነበር።

እናቴና ጌጋም በመጋረጃው ውስጥ ሲከራከሩ ሰማሁ።

«እማዬ ጃን፣ የኔ ነፍስ፣ ስለቱን ለጊዜው ተይው። ሲያልፍ ታደርሺዋለሽ።»

«ለቅዱሱ ቆየኝ ልበለው? በእግሩ ቤቴ ድረስ አምጣልኝ አልኩት፤ አመጣልኝ። አሁን ቃሌን ልጠፍ? የባሰውን ልጥራብህ?»

«በዚህ ረሃብ አውራ ዶሮ ለሰባት ቤት ስታድይ፣ ሰው ለማን ነው አይልም?»

«ለአባትህ ነፍስ ነው እላለሁ።»

ጌጋም ሳቀ። «ምስኪን አባዬ። ሞቶም እኔን መደበቅ አልቀረለትም።»

እኛ ዘንድ ስለት በጓዳ አይፈጸምም። የታረደው ሰባት ደጃፍ መድረስ አለበት፤ ስለ ማን እንደታረደ መነገር አለበት፤ የተቀበለው ሰው መመረቅ አለበት፤ ሥጋው ለነገ አያድርም። እናቴ ፈጣሪንም ትፈራለች፣ ጂፑንም ትፈራለች። ያን ቀን ሁለቱንም በአንድ ድስት ልትቀቅል ነው የሞከረችው።

ጨው በቄስ አስባርካ በወረቀት ጠቅልላ አመጣች። ዶሮውን ጨዉን አላሰችው። ጌጋም ክንፎቹን ያዘ፣ እሷ አረደች፣ እኔ ሳህኑን ያዝኩ። ወንድሜ ቢላዋው ሲያርፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ዶሮ ፈራ ብዬ ሳቅኩ።  እናቴ ጣቷን ደሙ ውስጥ ነክራ በጌጋም ግንባር ላይ መስቀል ሠራች፤ ቀጥላም በኔ ላይ።

«ይሁንላችሁ» አለች፤ ድምፅዋ ግን እየለመነች ያለች ይመስል ነበር።

ሥጋው በውኃና በዚያ ጨው ብቻ ተቀቀለ። ሽታው በብረቱ ስንጥቅ ሁሉ ወጣ። ያንን ሽታ የትኛው መጋረጃ ይጋርደዋል? አራት ጊዜ በር ከፍታ ረድፉን አየች። ሰባት ቦታ ከፈለችው፤ አንዱ ድርሻ ከመዳፌ አይበልጥም። እያንዳንዱን በስስ ቂጣ ጠቀለለችና በቅርጫት አስያዘችኝ። ከኛ ማንም አይቀምስም። ጣቴን እንኳ እንዳልስ አየችኝ።

«ሕፃን ሲያዞረው ሰው ብዙ አይጠይቅም» አለች ለራሷ። ከዚያ ለኔ፦ «‹ለአባቴ ነፍስ› ትያለሽ። ሌላ ቃል አትጨምሪ። ትሰጫለሽ፣ ትሄጃለሽ። ቤት አትግቢ።»

ባሕር ማዶ ማርሴይ ያለችው አክስቴ የላከችልንን ቀይ ካፖርት አለበሰችኝ፤ የወርቅ መልክ ቁልፍ ያለው፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ የወይዘሮ ልብስ ነበር። የሱፍ ቆብም እስከ ቅንድቤ አጠለቀችልኝ። በጥድፊያዋ ግንባሬን ማጠብ ረሳች።

ከኛ ቀጥሎ ያሉት አሮጊት ቂጣውን ተቀብለው አሸተቱት፤ አለቀሱም።

«ለአባቴ ነፍስ» አልኩ።

«ነፍሱን በብርሃን ያኑራት» አሉኝ።

ደጃፉ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ከነከነኝ። ዶሮው የአባቴ አይደለም። በደሙ የተቀባው የጌጋም ግንባር ነው። ታዲያ ይህ የሙታን ቃል በማን ላይ ነው የወደቀው?

ሁለተኛው ቤት የጫማ ሠሪው የአጎቴ ኮረን ነበር። አጎት የምንለው በሰፈር ነው። አንድ እግሩን የመሬት መንቀጥቀጡ ወስዶበታል፤ አፉን ግን የሚወስድበት አልተገኘም።

«ውይ፣ ማዳም ንቫርድ!» አለ ካፖርቴን እያየ። «ከማርሴይ መቼ ገባሽ? ባቡሩ ተመቸሽ?»

«ለአባቴ ነፍስ» አልኩና ቂጣውን ዘረጋሁ።

«አባትሽ በሕይወቱ ሲጋራ ብለምነው ግማሹን ቆርጦ ነበር የሚሰጠኝ። ይኸው ሲሞት ቸር ሆነ፤ አውራ ዶሮ ጋበዘኝ! እኔም ሞቼ ሰው ልጋብዝ መሰለኝ። አንድ እግሬን አስቀድሜ ልኬያለሁ፤ የቀረው ትንሽ ነው።»

እየሳቀ ቆቤን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ይህን ማን ቀባሽ?»

«እማዬ።»

ረድፉን ግራና ቀኝ አየ። ጣቱን በምራቁ አርሶ ግንባሬን እስኪያመኝ ፈተገው። «ለሙት ግንባር አይቀባም እኮ» ብሎ አጉተመተመ። ወዲያው ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከጎኑ ያለው ቤት እስኪሰማ፦ «ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ስለት ያዞራል እንዴ፣ አንቺ ቆሻሻ! ነፍሱን በብርሃን ያኑራት! የአባትሽን ነፍስ በብርሃን ያኑራት!»

ስለ ሰደበኝ ጠላሁት። ሊጠብቀን እንደሆነ ለመረዳት ሃያ ዓመት ፈጀብኝ።

ያጉተመተመው ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ለሙት ግንባር አይቀባም። እንግዲያው ይህ ስለት የሕያው ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ በየደጃፉ የሙት ምርቃት ይመርቁበታል። በሦስተኛው ቤት «ነፍሱን በብርሃን ያኑራት» ተባለ። በአራተኛው ተባለ። በአምስተኛው አንዲት ሴት ከነልጆቿ አማተበች። በየቤቱ አንድ አካፋ አፈር ወንድሜ ላይ የሚወድቅ መሰለኝ። በስድስተኛው ቤት ቂጣውን ደጃፍ ላይ ወርውሬ ልሮጥ አሰብኩ፤ ሰውየው ግን ቀደመኝ፤ ያንኑ ምርቃት አለ።

አንድ ቤት ቀረ።

የአክስቴ አርፔኒክ ነበር፤ እሷንም አክስት የምላት በሰፈር ነው። ልጇ ዛቬንና ጌጋም በአንድ ቀን ለጦሩ ተወስደው በአንድ ምሽግ ነበሩ። ሳላንኳኳ ከፈተችልኝ። የዛቬንን የትምህርት ቤት ሹራብ እየተረተረች በክሩ ካልሲ ትሠራለት ነበር፤ ክሩ ከአንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ንቫርድ ጃን፣ ሕመምሽን ልውሰደው፤ እንዴት በርዶሽ ኖሯል። ምንድን ነው?»

«ለአባቴ ነፍስ።»

«ነፍሱን—»

«አትበይ!» ብዬ ጮህኩ። ቅርጫቱ ወደቀ። «አክስቴ፣ አትበይ! ስድስት ሰው ብሎታል! አንቺም ካልሽ ይሞታል!»

«ማነው የሚሞተው?»

«ጌጋም! ደረቱን ታሟል። ዶሮው የሱ ነው፤ ግንባሩን ተቀብቷል። ‹ስለታችሁ ይስመር› በይ። እባክሽ በይ!»

ቀስ ብላ ክሩን ከአንገቷ አወረደች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ዛሬም ልነግራችሁ አልችልም፤ ያን ጊዜ ግን ደስታ መስሎኝ ነበር።

«ቤት ነው?» አለች።

«መጋረጃው ውስጥ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገና በፊት ጀምሮ።»

የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቂጣውን ከመሬት አንስታ ሳመችው፤ የተፈተገውን ግንባሬንም ሳመችው። «ስለታችሁ ይስመር» አለች። ባዶ ቅርጫቴን እያወዛወዝኩ በበረዶው ላይ ሮጥኩ። ወንድሜን ያዳንኩት እኔ ነበርኩ።

እናቴ በሩ ላይ ያዘችኝ። «ምን አሉሽ?»

«ነፍሱን በብርሃን ያኑራት።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም» አልኩ።

ከምሳ በኋላ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ አክስቴ አርፔኒክ ሳታንኳኳ ገባች። በእጇ አንድ ተኩል ካልሲ ነበር፤ ግማሹ ከነመርፌው። እናቴን አልፋ ሄዳ መጋረጃውን ገለጠችው።

«ንቫርድ፣ ውጪ ተጫወቺ» አለች እናቴ። እኔ ከምድጃው ኋላ ገባሁ።

«ዛቬን የት ነው?»

ጌጋም ከአልጋው ተነሥቶ ተቀመጠ። «አክስቴ… እኔ ስወጣ ደህና ነበር። ሲጋራ አምጣልኝ ብሎኝ ነበር።»

«አርባ አንድ ቀን። ደብዳቤ የለም። ቦታው ተይዟል ይላሉ፣ አልተያዘም ይላሉ። ቢሮ ስሄድ ‹ሴትዮ፣ ብቻሽን አይደለሽም› ይሉኛል። አንተ ቦታውን ታውቀዋለህ። ጓደኞቹን ታውቃቸዋለህ። ማንን እንደምትጠይቅ ታውቃለህ።»

«አርፔኒክ፣ ከቤቴ ውጪ» አለች እናቴ።

«ለማንም አልናገርም፣ ሃይካኑሽ። በመስቀሉ! መኪናው ሲመጣ መሬት መሬት አያለሁ። አንቺ ግን አንዴ ንገሪኝ፤ ልጅሽ ሲተነፍስ ተኝተሽ ትሰሚዋለሽ፤ እኔ ምን ልስማ?»

ከዚያ ተንበረከከችና የጌጋምን ጫማዎች ያዘች። ጫማውን እንዳደረገ እንደሚተኛ ነግሬአችኋለሁ። የተፈታ ክር የምታስርለት መሰለኝ፤ ለምን እንዲህ ረጅም ጊዜ እንደፈጀባት ገረመኝ። ግንባሯ ጫማው ላይ ነበር።

«አምጣልኝ» ትል ነበር። «ሕያው ከሆነ ሕያውን፣ ካልሆነም እንደሆነው። አንተ አምጣልኝ።»

እናቴ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ፣ «ልጄን አትግደይብኝ» አለች፤ ደጋግማ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። በሽታው እየባሰበት ሊሆን ነው ብዬ አሰብኩ። ጌጋም እጁን ዘረጋ። ካልሲውን ተቀበላት፤ ግማሹንም፣ ሙሉውንም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጂፑ በረድፉ መግቢያ ታየ። እኛ ልጆቹ መቁጠር ጀመርን። ሦስት ስንደርስ የቤታችን በር ተከፈተና ጌጋም ወጣ፤ ካፖርቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ ድኖ። መኪናው ወደኛ እስኪመጣ አልጠበቀም። በረድፉ መሐል ቀጥ ብሎ ተራመደ። ባጠገቤ ሲያልፍ ቆቤን እስከ አፍንጫዬ አወረደው፤ ቆቤን ሳነሣ ጀርባውን ብቻ አየሁ። ሰዎቹ እንኳ አልያዙትም። አንዱ በር ከፈተለት።

«ወንድሜ ሥራ አገኘ!» አልኩ ለልጆቹ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እንደ ሌሎቹ እናቶች አልሮጠችም።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ፤ አርፔኒክ ጠቆመች፣ ጂፑን የጠራችው እሷ ናት አልኩ። ደጃፏ ላይ እተፋ ነበር። እውነቱን እናቴ የነገረችኝ ሠላሳ ዓመቴ ላይ፣ ድንች እየላጥን ነው።

«ማንም አልጠቆመም። ዕለቱን ማታውኑ ወሰነ። ‹እማዬ፣ እሱ የት እንዳለ ሳላውቅ እዚህ ጣሪያ ልቁጠር?› አለኝ። በሩ ላይ ተኛሁበት። አነሣኝና ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።» ድንቹን ገልብጣ አየችው። «የማላውቀው አንድ ነገር ነው። ለአርፔኒክ ማን ነገራት? የኮረን ሥራ ነው። ግንባርሽን አይቶ ነበር አላልሽኝም? ያ አፈኛ።»

ከዚያ የበረዶ ወራት ጀምሮ እናቴ ለአጎቴ ኮረን ጫማ ሰጥታ አታውቅም፤ ሰላምታም። ሰፈሩም ቀስ በቀስ እሷን ተከተለ። ኮረን አንድ ጊዜ እንኳ ለምን ብሎ አልጠየቀም። እኔ ድንቹን ላጥኩ። ሠላሳ ዓመቴ ነበር፤ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረኝ፤ አፌን አልከፈትኩም። ኮረን ሞተ፤ እናቴም እሱን እንደጠላች ሞተች።

ጌጋም ከሄደ በሰባተኛው ሳምንት ሞተ። ከአንድ ምሽግ ወደ ሌላው እየተሻገረ ስለ አንድ ዛቬን የሚባል ልጅ ይጠይቅ ነበር ብለው ጻፉልን። ዛቬን ደግሞ በበጋው፣ ተኩሱ ከቆመ በኋላ፣ በምርኮኞች ልውውጥ ሦስት የእግር ጣት አጥቶ መጣ። አርፔኒክ ለማን ምን ብላ እንደለመነች ለልጇ አልነገረችውም። እሷም ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት።

ልጄ ሆቪክ ዐሥራ ስምንት ሞላው። በመጋቢት የጦሩ መጥሪያ መጣ። ዛቬን ዛሬ ታክሲ ይነዳል፤ የሚኖረውም ከኛ ሕንፃ ባሻገር ነው። ሰምቶ መጣና፣ «በአውቶቡስ አይሄድም፤ እኔ አደርሰዋለሁ» አለ። እምቢ ለማለት ምክንያት ፈለግኩ፣ አጣሁ።

በመሄጃው ቀን ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ሞተሩን አስነሥቶ ጠበቀን። ሆቪክ ባትሪ መሙያውን ረስቶ ወደ ላይ ሮጠ። እኔ ከመኪናው አጠገብ ቆምኩ፤ ዓይኔን መቆጣጠር አልቻልኩም። ዛቬን በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ምነው፣ ንቫርድ! የቀብር ፊት ይዘሽ ልጁን አታስፈሪው። እኔን አታዪም? ስድስት ወር ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ። ማን ፈለገኝ? የኔ ስም በማን አፍ ተነሣ? ድመት እንኳ አልፈለገኝም። ይኸው በገዛ እግሬ መጣሁ፤ ለዚያውም በሰባት ጣት!»

ሳቀ። ደግ ሰው ነው። ሊያጽናናኝ ነበር።

«ዛቬን» አልኩት፣ «የፈለገህ ሰው ነበር።»

«ማን?»

ሞተሩን አጠፋ። ሆቪክ በደረጃው እየወረደ ነበር፤ ኮቴው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይሰማኛል። ጊዜ አልነበረኝም። የወንድሜን ስም ነገርኩት። ከዚያም፣ ልጄ በሩ ላይ ሳይደርስ፣ እሱ ቤት ተደብቆ መኖሩን ለእናትህ የነገርኳት እኔ ነኝ አልኩት።